404 ሲል ማን ይጠግነዋል? የድረ ገጽ ሶፍትዌር አመራረጥ ለድሬና ለሐረር ሰው

ባለፈው ዓመት በጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጁገል ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሐጂ ናቸው። «ልጄ፣ ያ የሠራህልኝ ዌብሳይት 404 ይለኛል፤ እኔ የማከራየው ክፍል ነው እንጂ ፔጆ አይደለም» አሉኝ። ሐረርን ለማያውቅ ሰው ቀልዱ ላይገባው ይችላል። እዛ 404 ማለት ታክሲ ነው፣ ያቺ አሮጌዋ ፔጆ። በዌብ ቋንቋ ደግሞ «የጠየቅከው ገጽ የለም» ማለት ነው።

ደንገጎን ወጥቼ ሄድኩ። በስልክም ይፈታ ነበር፣ ግን ሐጂ ጋ ቡና አለ። ከፍቼ ሳየው ግማሹ ገጽ ጠፍቷል፣ ግማሹ የቁማር ማስታወቂያ ሆኗል። መንስኤው አንዲት የክፍል ማስያዣ ፕለጊን (ዌብሳይት ላይ የምትገጠም ተጨማሪ ሶፍትዌር) ናት። አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ፣ በነጻ የሠራት። ሰውየው ከሦስት ዓመት በፊት ትቷታል፣ ሌባ የሚገባባትን ቀዳዳ የሚደፍን የለም፣ እኔም ዞር ብዬ አላየኋትም። ሰውየውን ልወቅስ ፈልጌ ነበር። ከዛ አምስት ሳንቲም ከፍዬው እንደማላውቅ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

ከዛ ወዲህ ደንበኛ «የቱ ይሻላል?» ሲለኝ ስለ ቁንጅናው ማውራት ትቻለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነው።

መጀመሪያ ሚዛኑ

ስም ከመጥራታችን በፊት በምን እንደምንመዝን እንስማማ። አምስት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው ከሌሎቹ ይከብዳል።

*ማን ነው የሚቀልበው?* ኦፕን ሶርስ ሲባል ኮዱን ማንም ያያል፣ ማንም ይወስዳል። ሥራው ግን የሆነ ሰው ጊዜ ይበላል፣ ያ ሰው ደግሞ የቤት ኪራይ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ ብዙ ሰው የደነገጠው በቀዳዳው ብቻ አልነበረም። ኦፕን ኤስኤስኤል የኢንተርኔቱን ትልቅ ክፍል፣ የይለፍ ቃሉንም የባንኩንም ግንኙነት የሚጠብቅ ሶፍትዌር ነው። በዓመት በልገሳ ያገኝ የነበረው ግን ወደ 2000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበትም አንድ ሰው ብቻ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት ከዛ በኋላ ነው። ፒኤችፒም እንደዛው ነው፣ ከታች የምጠራቸው ሦስቱ ትልልቅ ሶፍትዌሮች የተጻፉበት ቋንቋ። በ2021 ከዋና ሠሪዎቹ አንዱ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ ነው ነገሩ በጥቂት ሰው ትከሻ ላይ እንደቆመ ሁሉም ልብ ያለው፤ ለሠሪዎቹ የሚከፍል ፋውንዴሽን የተቋቋመው በዛው ዓመት መጨረሻ ነው።

የድሬ ልጅ ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር ነው የተቆረቆረችው። የድሮው ባቡር በአንድ ቀን አዋጅ አልቆመም። ጥገናው እያነሰ፣ መለዋወጫው እየጠፋ፣ ጉዞው እየሳሳ ነው የሄደው። ሶፍትዌርም የሚሞተው እንደዛ ነው። ማንም መርዶ አይነግራችሁም፣ አፕዴቱ ብቻ ይቀራል።

*መውጫ በር አለው?* ነገ ልተወው ብል ጽሑፌን፣ ፎቶዬን፣ የደንበኛ ዝርዝሬን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ? የጁገል ግንብ እንኳ ከጥንት ጀምሮ አምስት በር አለው።

*እዚህ የሚጠግነው አለ?* አዲስ አበባ ወይም ህንድ ያለ ባለሙያ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ጋ ሰው የሚፈልገው ሳቢያን ወይም ከዚራ ሄዶ ፊት ለፊት የሚያናግረው ሰው ነው። የፔጆ 404 መኪና ፈረንሳይ ውስጥ መመረት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሐረር ላይ ግን ከዛ በኋላ ስንት አሥርት ዓመት ሰው ጭናለች፣ ምክንያቱም የሰፈሩ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃታል።

እዚህ ላይ ግን ምሳሌዬ ይሰበራል፣ እሱንም ልናገር። አሮጌ ፔጆን በር ላይ ብታቆሟት ሌሊቱን ሙሉ መቶ ሌባ ቁልፏን አይሞክርም። ዌብሳይትን ይሞክራሉ። ሰው እንኳ አይደሉም፣ ሮቦት ናቸው፣ እናንተ ማን እንደሆናችሁ አያውቁም፣ ግድም የላቸውም። ስለዚህ «አሮጌ ነው ግን ይሠራል» የሚለው ነገር መኪና ላይ እንጂ ዌብሳይት ላይ ሁልጊዜ አይሠራም።

*ሒሳቡ በብር ነው በዶላር?* እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 መጨረሻ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። በዶላር የሚከፈል ወርሃዊ ክፍያ የነበረው ሰው ምንም ሳይጨምርበት ወጪው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ካርዱን ማግኘት ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

*ስንት ጊዜ እጅ ይፈልጋል?* በወር አንዴ የሚነካው ሰው አለ ወይስ ከተሠራ በኋላ ማንም አያየውም? እውነቱን ንገሩኝ፣ አብዛኛው ማንም አያየውም።

አማርኛ መጻፍን ሚዛን ውስጥ አላስገባሁም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ስለገባ የትኛውም አያስቸግርም።

ወርድፕረስ

ከዓለም ድረ ገጾች ከአርባ በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ ነው የሚሠራው። ድሬ ላይ «ዌብሳይት እሠራለሁ» ከሚሉ አሥር ልጆች ዘጠኙ ወርድፕረስ ነው የሚሠሩት ብል አልተሳሳትኩም (ቆጥሬ አይደለም፣ ስለምናውቅ ነው)። ጠጋኝ በሚለው ሚዛን ማንም አይደርስበትም።

የሚቀልበው ማነው ሲባል ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ወርድፕረስ ራሱ የሙት ልጅ ነው። ቢቱ የሚባል ሶፍትዌር ነበር፣ ሠሪው ሲጠፋ ሁለት ተጠቃሚዎች ኮዱን አንስተው እ.ኤ.አ. በ2003 ወርድፕረስ አደረጉት። ዛሬ ከሁሉም በላይ ሰው መድቦ የሚያሠራበት ከመሥራቾቹ አንዱ የሚመራው አውቶማቲክ የተባለ ኩባንያ ነው። በ2024 መስከረም ላይ ይሄ ኩባንያና ደብሊውፒ ኤንጂን የሚባል ትልቅ የሆስቲንግ (የሰው ድረ ገጽ በክፍያ የሚያስቀምጥ) ድርጅት ተጣሉ። «እናንተ ትሸጣላችሁ፣ ለጋራው ሥራ ግን አታዋጡም» ነው የጠቡ ሥር፣ የንግድ ምልክትም አለበት። በጠቡ መሃል የደብሊውፒ ኤንጂን ደንበኞች ከዋናው የፕለጊን ማከማቻ አፕዴት እንዳያገኙ ተዘጋባቸው፤ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት አንድ ፕለጊንም በማከማቻው ላይ ስሙ ተቀይሮ ወደ ሌላ እጅ ገባ። በዛው ዓመት ታኅሣሥ ፍርድ ቤት እንዲከፈት አዘዘ። በ2025 ጥር ደግሞ አውቶማቲክ ለጋራው ሥራ በሳምንት ያዋጣ የነበረውን ወደ 4000 የሚጠጋ ሰዓት ወደ 45 ገደማ አወረደው። ግንቦት ላይ «ተመልሰናል» አለ።

ይሄን የማወራው ወርድፕረስ ሊሞት ነው ለማለት አይደለም። የሚቀልበው እጅ በጣም ትልቅና በጣም ጥቂት ሲሆን፣ እጁ የተናደደ ቀን ምን እንደሚመጣ እንድታዩት ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባል የለ፣ ሳሩ እኛ ነን።

ትልቁ አደጋ ግን እሱም አይደለም። ፕለጊኑ ነው። ነጻ ማከማቻው ውስጥ ወደ 60 ሺህ ፕለጊን አለ፣ ስንቱ በአንድ ሰው ትርፍ ሰዓት የተንጠለጠለ ነው። የሐጂ ዌብሳይት የሞተው በወርድፕረስ አይደለም፣ በፕለጊን ነው። ስለዚህ ደንቤ ይሄ ነው፦ ፕለጊን ከስምንት አይበልጥም፣ የመጨረሻ አፕዴቱ ከዓመት ያለፈውን አልጭንም። መውጫ በሩ ጥሩ ነው፣ ጽሑፉም ዳታቤዙም (መረጃው የሚከማችበት) ይወጣል። በገጽ መገንቢያ ፕለጊን የተሠራ ከሆነ ግን ጽሑፉ ከብዙ ኮተት ጋር ተጣብቆ ነው የሚወጣው፣ ማራገፉ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

ጁምላ

ስሙ ከስዋሂሊ «ጁምላ» የመጣ ነው፣ «ሁሉም በአንድነት» ማለት። መጋላ ላይ ጅምላና ችርቻሮ የምንለው ጅምላ ዘመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ማምቦ የሚባል ሶፍትዌር ሠሪዎች ከባለቤት ኩባንያው ጋር ተጣልተው ኮዱን ይዘው ወጡ፣ ጁምላ አሉት። ማምቦ ከስሞ ቀረ።

የጁምላ ጥንካሬም ድክመትም እዚህ ላይ ነው። ከጀርባው አንድ አለቃ ኩባንያ የለም፣ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚሠሩት፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ያስተባብራቸዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ተናዶ አይዘጋውም። ግን እጅ ያንሳል፣ ገንዘብም ያንሳል። በአንድ ወቅት ከወርድፕረስ ቀጥሎ ሁለተኛ ነበር፣ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያም ሆኖ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ ስሪት ያወጣሉ፣ 5ኛው በ2023፣ 6ኛው በ2025 ወጣ። አክብሮቴ ትልቅ ነው።

ችግሩ እኛ ጋ ነው። አሁንም በጁምላ 3 የሚሠሩ የቢሮና የትምህርት ቤት ገጾች አጋጥመውኛል። ጁምላ 3 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ድጋፉ አልቋል። የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ገብቷል ወይ ከአገር ወጥቷል፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም። አዲስ ጀማሪ ጁምላን ምረጥ አልልም። ያለው ሰው ግን ደንግጦ መጣል የለበትም፣ ወደ አዲሱ ስሪት ማሻገር ይቻላል።

ድሩፓል፣ እና ታናሽ ወንድሙ

ድሩፓል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አለ። ለትልቅ ተቋም የተሠራ ነው፣ ፈቃድና ደረጃ ያላቸው ብዙ ሠራተኞች፣ ብዙ ቋንቋ፣ ብዙ ዓይነት መረጃ። የመሥራቹ ኩባንያ አኩዊያ አለ፣ ማኅበርም አለው፣ መንግሥታትና ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚጠቀሙበት ከፋይ አያጣም። በቀለቡ ከአማራጮቹ ሁሉ የተሻለ የተደላደለው እሱ ይመስለኛል።

ግን ድሩፓል 7ን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፣ ከድሩፓል 8 ጀምሮ ውስጡ እንደ አዲስ ስለተጻፈ ከ7 መሻገር ማደስ ሳይሆን ዳግም መሥራት ሆነ። አቅም ያነሰው ሁሉ 7 ላይ ቀረ። ማብቂያው ስንት ጊዜ ተራዝሞ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2025 ድጋፉ ቆመ። ለነዚህ ሰዎች ነው ባክድሮፕ የጠቀመው፣ ከድሩፓል 7 ተገንጥሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ለአነስተኛ ድርጅቶች የታሰበ። ቡድኑ ትንሽ ነው፣ ሥራቸው ግን ንጹሕ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2014 ጥቅምት ድሩፓል ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘና የደኅንነት ቡድኑ «መድኃኒቱ በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ካልጫናችሁ ተሰርቆብኛል ብላችሁ አስቡ» አለ። ሰባት ሰዓት! እኛ ጋ ሰባት ሰዓት ማለት መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ ነው። ድሩፓልን የሚይዝ ሰው በደመወዝ የተቀጠረ መሆን አለበት።

ጎስት

አጭር ነው። ለሚጽፉና በኢሜይል ጋዜጣ ለሚልኩ ሰዎች። እ.ኤ.አ. በ2013 በሕዝብ መዋጮ ተጀመረ፣ ባለቤቱ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ የሆስቲንግ አገልግሎቱን ሸጦ ራሱን ያስተዳድራል። በቀለብ ጥያቄ ደስ የሚል መልስ ነው። ግን ተራ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ አይጫንም፣ የራሳችሁ ሰርቨር ይፈልጋል፣ ድሬ ላይ የሚያውቀው ሰው በጣት ይቆጠራል።

ስታቲክ ገጽ

አሁን ወደምወደው መጣሁ። ሁጎ፣ ጄኪል የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ። ጽሑፋችሁን ኮምፒውተር ላይ ትጽፋላችሁ፣ መሣሪያው የተዘጋጀ ገጽ አድርጎ ያወጣዋል፣ ያንን ፋይል ሆስቲንግ ላይ ትጭናላችሁ። ዳታቤዝ የለም፣ መግቢያ ገጽ የለም፣ ሌሊት ቁልፍ የሚሞክረው ሮቦት የሚሞክረው ቁልፍ ያጣል።

ሁጎን በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው ነው። «ታዲያ እሱስ ቢተወው?» ካላችሁ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም እዚህ ላይ ይለያል። ሠሪው ቢተወው የተሠራው ገጽ እንዳለ ይቀጥላል፣ ፋይል ነዋ። ጋትስቢ የሚባለው መሣሪያ በ2023 ኩባንያው ከተሸጠ በኋላ ሥራው ቀዘቀዘ፣ በሱ የተሠሩ ገጾች ግን ዛሬም ይከፈታሉ። ያ የፔጆ ምሳሌዬ የሚሠራው እዚህ ነው።

ፈጣን ነው፣ በደካማ ኔትወርክ ይከፈታል፣ ጊትሃብ ፔጅስ በሚባል አገልግሎት ላይ በነጻ ይቀመጣል። ጉድለቱ ግልጽ ነው። ሐጂ ራሳቸው ገብተው ዋጋ መቀየር አይችሉም፣ ልጃቸውም አይችልም፣ እኔ መደወል አለብኝ። የመስመር ላይ ሽያጭም አይሆንለትም።

ዊክስና መሰሎቹ፣ ቴሌግራምም

ዊክስ ኦፕን ሶርስ አይደለም፣ ግን ሁሉም ስለሚጠይቀኝ ላንሳው። ቀለቡ ግልጽ ነው፣ እናንተ ናችሁ፣ በየወሩ፣ በዶላር። ምቾት አለው። መውጫ በር ግን የለውም፣ የሠራችሁትን ገጽ እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ አትችሉም። ትልቅ ኩባንያ ማለት ደግሞ ዋስትና አይደለም። ጎግል ለንግድ ቤቶች በነጻ ይሰጥ የነበረውን ድረ ገጽ በ2024 መጋቢት ዘጋው።

ቴሌግራም ቻናል ብቻ ይበቃኛል የሚለው ሰው ብዙ ነው። ለሽያጭ እውነትም ይበቃል። ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲገደብ ምን እንደሆናችሁ አስታውሱ። ቪፒኤን የጫነ ደንበኛ ብቻ ነበር የሚያገኛችሁ።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ቀለቡ | መውጫ በር | ድሬና ሐረር ላይ ጠጋኝ | ክፍያው | ድካሙ |
|---|---|---|---|---|---|
| ወርድፕረስ | ብዙ፣ ግን በጥቂት እጅ | ጥሩ | ሞልቷል | በብር ይቻላል | በየሳምንቱ አፕዴት |
| ጁምላ | በጎ ፈቃደኞች፣ ስስ | ጥሩ | ጥቂት | በብር ይቻላል | በየወሩ |
| ድሩፓል | የተደላደለ | ጥሩ ግን አድካሚ | በጣም ጥቂት | ሆስቲንጉ በብር፣ ባለሙያው ውድ | ቋሚ ሰው |
| ባክድሮፕ | ትንሽ ቡድን | ጥሩ | ያለ አይመስለኝም | በብር ይቻላል | በየወሩ |
| ጎስት | ራሱን የቻለ | በጣም ጥሩ | የለም ማለት ይቻላል | በአብዛኛው ዶላር | መካከለኛ |
| ስታቲክ | ስስ፣ ግን አያሳስብም | እጃችሁ ላይ ነው | ጥቂት፣ ለመማር ቀላል | ነጻ ሊሆን ይችላል | የለም ማለት ይቻላል |
| ዊክስ | የናንተ ወርሃዊ ክፍያ | የለውም | አያስፈልግም | ዶላር | የለም |

እንግዲህ ለማን የቱ?

የእንግዳ ማረፊያ፣ አስጎብኚ፣ ትንሽ ካፌ ከሆናችሁና በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚቀየር ገጽ ካላችሁ ስታቲክ። ስልክ፣ ካርታ፣ ፎቶ፣ ዋጋ፣ በቃ። ማስያዣውን በስልክና በዋትሳፕ ጨርሱ።

የሐረር ቡና ለውጭ ገዢ የምታሳዩ ከሆነም ስታቲክ ይበቃል፣ ገዢው የሚፈልገው ቦታውን፣ አጠባበቁንና ኢሜይላችሁን ነው። ዕቃ በመስመር ላይ የምትሸጡ ከሆነ ግን ወርድፕረስ ውስጥ ግቡ፣ ከመግባታችሁ በፊት ግን በወር የሚከፈለው ጠጋኝ ያዙ። ጠጋኝ የመያዝ አቅም ከሌላችሁ ለጊዜው ቴሌግራም ላይ ሽጡ፣ ዌብሳይቱ ይቆይ።

ኮሌጅ ወይም ቢሮ፦ ደመወዝተኛ የአይቲ ሰው ካለ ድሩፓል ይታሰብ፣ ከሌለ ወርድፕረስ ከጥቂት ፕለጊን ጋር። ድሩፓል 7 ላይ የቀራችሁ ካላችሁ ባክድሮፕን ሳታዩ ዳግም ሥራ ጨረታ አታውጡ። ጁምላ 3 ላይ ያላችሁ ዛሬ ባካፕ አድርጉ፣ ነገ አትበሉ።

በጀታችሁ ዜሮ ከሆነ ስታቲክ ነው፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ አይጠፋም። ትንሽ ትርፍ ያላችሁ ደግሞ ለምትጠቀሙበት ፕለጊን ሠሪ የሆነች ነገር ክፈሉ። ዶላር መላክ አስቸጋሪ ከሆነ ትርጉም አግዙ፣ ስህተት ሪፖርት አድርጉ። እኔ አሁን የፕለጊን ወጪ ብዬ ደንበኛ ሒሳብ ላይ አስገባለሁ። ግማሹ ይከራከራል፣ «አቦ፣ ነጻ ነው አላልክም?» ይለኛል፤ ግማሹ ይከፍላል።

የትኛውንም ብትመርጡ ለሠሪው ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እጃችሁ ይግባ። ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) በናንተ ስም፣ የሆስቲንጉ ይለፍ ቃል፣ እና ፍላሽ ላይ የተገለበጠ ሙሉ ባካፕ። የሐጂ አዲሱ ገጽ ስታቲክ ነው፣ ስድስት ገጽ። ፍላሹን ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ሳጥን ቆልፈውበታል፣ ዋጋ ሲጨምሩ ይደውሉልኛል፣ ሳወርድ ሳወጣ ሁለተኛው ስኒ ይደርሳል።